ቤት የተሳሳቱት እንግዳ

ደወሉ ሲጮህ ይትባረክ ለአራስ ሚስቱ ገንፎ እያገነፋ ነበር። በበሩ ስክሪን ላይ አክስቱን እትዬ ጥሩወርቅን አያቸው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከመርሐቤቴ ድረስ የቅቤ ቅል አቅፈው ለአራስ ጥየቃ መጥተዋል።

በሩ ግን አልተከፈተም። «እንግዳዋ በያዙት ስልክ ላይ መንግሥት ያዘዘው ሶፍትዌር አልተጫነም» አለ በሩ ራሱ። «ያውቋቸዋል?»

እንዲህ ያለ ስልክ የያዘን ሰው አውቃለሁ ያለ፣ መብራቱም ውሃውም ይቆረጥበታል። ሕጉ ሲወጣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ለደኅንነታችን ነው» ብሎ ቀድሞ ያጨበጨበው ይኸው ይትባረክ ነው።

«ያውቋቸዋል?» አለ በሩ ዳግመኛ።

«አላውቃቸውም።»

ድምፁ ውጭ ድረስ እንደሚሰማ ትዝ ያለው ከተናገረ በኋላ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ካሜራውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አሉ በሩ እንዲሰማቸው ጮክ ብለው። ቅሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ይትባረክ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

በሩ ቅሉን ፈተሸው። ቅቤ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ ወለል ብሎ ተከፈተለት።

ይትባረክ ቅሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ጓዳ ሊያልፍ ሲል፣ ሚስቱ ከመኝታ ቤት በደስታ ተጣራች።

«የእትዬ ቅቤ ሸተተኝ! ኮሰረቱን የት አጣዋለሁ? በል አስገባቸዋ፣ ልጁን መርቀው ይታቀፉት!»