የቀኙ መስታወት

የመኪናዬ በር የመስታወት ክፈፍ የለውም። መስታወቱ ብቻውን ይቆማል፤ እጀታው ሲሳብ እንደ ጨዋ ሰው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይልልሃል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። የቀኙ ሲሰበር የሚስቴ ወንድም ታውኖ በክረምት በበረደ ሐይቅ ላይ ስትሄድ በረዶው ተሰብሮባት ሐይቁ ውስጥ ከሰጠመች መኪና ፈትቶ አመጣልኝ።

«ዋና የሚችል መስታወት ነው» አለ እየሳቀ።

ገጥመን ስንጨርስ ልሞክረው መሪው ጋ ተቀመጥኩ። በሮቹ በራሳቸው ተቆለፉ። የቀኙ መስታወት ዝቅ አለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዝቅ አለ።

«ታውኖ፣ እጀታውን ተው!»

«ከውስጥ የምትጎትተው አንተ፣ የምትቆጣው እኔን!»

በመስኮቱ እጆቹን አሳየኝ፤ በአንዱ ካቻቢቴ፣ በሌላው ቋሊማ። እኔም ሁለቱን እጄን አነሳሁ። መስታወቱ ዝቅ አለ።

«በሩ እምቢ አለኝ፣ አውጣኝ!»

«ባለፈው ድብ ያዘኝ ብለህ መንደሩን በሙሉ ጫካ አስገብተሃል። ዛሬስ አልሸወድም! ሳውናው ሞቋል፣ ቀልድህን ስትጨርስ ና።»

ሄደ።

ወዲያው ቀይ መብራት በራ፤ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ትል ጀመር። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ እንዲህ ነው የምትጮኸው። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

«ታውኖ! በእናትህ፣ የምሬን ነው!»

ከሳውናው በኩል ሳቁ ብቻ ተሰማ።

ከዚያ ከጎኔ የቀበቶው መቆለፊያ ቀጭ አለ። ጢጥታውም ቆመ።