አውራ ዶሮ የበዛበት ግቢ

ካሣነሽ ጫጩቶቹን ከንፋስ መውጫ ገበያ በካርቶን ይዛ ስትመጣ ሁሉም ቄብ ናቸው ተብላ ነበር። ባሏ አዱኛ ከተገደለ ወዲህ የሚያርስላት የለም፤ እንቁላል እየሸጠች ልትኖር አሰበች። ጥር ላይ ግን በጫጩቶቹ አናት ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። አንዱ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት። ከሁለት ቄቦች በቀር ሁሉም አውራ ሆነው አረፉት።

«ነጋዴው ተጫውቶብሻል፣ እታለም፤» አላት ስንታየሁ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ሽጫቸው እንጂ! ገብስሽን ጨረሱት እኮ።»

«እሸጣለሁ፤» አለች። አልሸጠችም። ጎረቤት በጩኸታቸው ሲማረርም፣ «ይጩኹ ተዉአቸው፤ ቤቱን ሰው ያለበት ያስመስሉልኛል፤» ትላለች።

ስንታየሁን የዶሮ ነገር ብዙም አላሳሰበውም። እሱን የሚበላው ሌላ ነው። አዱኛን በድንበር ጠብ የገደለው ፍሬው ከተሰወረ ዓመት ሊሞላ ነው። ፍሬው ከካሣነሽ ጋር አጥር የምትጋራው የእማማ ተዋበች ልጅ ነው። ገሚሱ ሰው መተማ ወርዷል ይላል፤ ገሚሱ ከዚህ አገር አልወጣም ይላል። ስንታየሁ መተማ ድረስ ወርዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ጠጉሩን አይላጭም። መሬቱ ጦም አድሯል። እናቱ ደሙ ሳይመለስ ማቄን አላወልቅም ብላለች። ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፤ አንድ ቀን ግን አንዱ ሞቅ ያለው አላቋረጠም።

«ይኼ ሰውዬ ያን ጠመንጃ ምን ያደርግበታል? ከማሳው ወፍ ያባርርበታል እንዳልል ማሳውም ጦም አዳሪ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ስንታየሁ ጠላውን ሳይነካ ወጣ።

ተው የምትለው ካሣነሽ ብቻ ነበረች።

«ሽማግሌ ተቀበል፣ ስንታየሁ። ፍሬውን ብትገድል ወገኖቹ ዞረው የሚመጡት በበረከት ነው።» በረከት አንድ ልጇ ነው፤ ይህንኑ ፈርታ መካነ ኢየሱስ ወንድሟ ዘንድ ልካዋለች።

«የወንድሜ አጥንት ይወጋኛል፣ እታለም።»

«የኔስ ባል አይደለም? እኔን አይወጋኝም?»

ይህን ስትለው ጠመንጃውን አንግቶ ይወጣል። ይወጣል እንጂ አይተውም።

ለፋሲካ አንዱን አውራ እሱ ራሱ አርዶላት ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን ዶሮዎቹ ይጎድሉ ጀመር።

«ሸለምጥማጥ ነው፤» አለች ካሣነሽ።

ስንታየሁ አጥሩን ዞሮ አየ። በተዋበች በኩል፣ ከአጥሩ ሥር፣ አመድ ውስጥ የተቀበረ ላባ አገኘ። ሸለምጥማጥ ላባ አይቀብርም። አንዲት ጥርስ የሌላት አሮጊትስ ያን ሁሉ አውራ ዶሮ ምን ታደርገዋለች? ቤቷ ውስጥ የሚበላ ሰው ከሌለ?

ከወንድሙ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ተነሣ።

«አገኘሁት!» አላት ካሣነሽን። «ከእናቱ ጓዳ ነው ያለው። በአንቺው ዶሮ እየወፈረልሽ!»

የካሣነሽ ፊት አመድ መሰለ። «በማርያም፣ ተዋበችን ተዋት። ምስኪን ናት።»

ለበረከት ፈርታ መሰለው።

እሑድ፣ ተዋበች ከቅዳሴ ስትመለስ ጠብቆ ተከትሏት ገባ። ጎተራውን ከፈተ፣ ቆጡን አየ፣ የጭዱን ክምር በአፈሙዝ ወጋ። አንድ መኝታ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ዋንጫ። ዕድሜውን ሙሉ እማማ ሲላት የኖረችውን ሴት አንገላታት።

«የት ደበቅሽው?»

«ማንን፣ ልጄ?»

«ልጅሽን! የካሣነሽን አውራ እየሰረቅሽ የምትቀልቢውን!»

ተዋበች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ልጄንስ ባየሁት፤ በአንተም እጅ ቢሆን አንድ ጊዜ ባየሁትና በሞትሁ። ፋሲካን በሽሮ ነው የፈሰግሁ፣ ስንታየሁ። አንዲት ዶሮ ነበረችኝ፤ የሚያርድልኝ ወንድ አጥቼ እግሯን ፈትቼ ለቀቅኋት። ፍሬው በሌለ ጊዜ ያርድልኝ የነበረው ወንድምህ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ሴት ቢላ አታነሣ! ሰረቅሁ እንበል፤ በማን ላሳርደው?»

ስንታየሁ ጠመንጃውን ማንገት አቃተው። እንደ በትር እየተመረኮዘው ወጣ።

በቀጥታ ካሣነሽ ቤት ገብቶ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና መደቡ ላይ ወደቀ። ካሣነሽ አልጠበቀችውም፤ ወጡ ገና ከምድጃ አልወረደም።

«የለም፤» አለ። «በቃ፣ የለም። ያቺን አሮጊት በከንቱ አዋረድኋት። ምን ይሻለኛል፣ እታለም? ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

«ምንም አትበላት። መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

መሶቡን አቀረበች። ጥቂት ቆም ብላ አመነታችና የዶሮውን ፈረሰኛ አወጣችለት። ስንታየሁ ከትናንት ጀምሮ አልበላም፤ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ጎረሰ። ደገመ። ሦስተኛውን ሊጎርስ እጁን አንሥቶ ቆየ። ከሳህኑ ላይ ቀና ብሎ አያት።

«እታለም፣ ማነው ያረደልሽ?»

ካሣነሽ ተነሥታ በጠመንጃውና በጓዳው በር መካከል ቆመች።