ራጅ ያላየው

ቄስ ዘሚካኤል ልጃቸውን ሠርክአዲስን ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ማመላለስ ከጀመሩ ሰንበት ብለዋል። ዓምና የጡት ካንሰር ወጥቶባት በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ዘንድሮ ደግሞ ጎኗን ቀስፎ ይዞ መተንፈስ ከለከላት።

ባሏ እጅጉ ከአጠገቧ አይለይም። ነጠላዋን ያስተካክላል፣ ውኃ ያቀርባል፣ ሐኪሟ ስትጠይቅም የሚመልሰው እሱ ነው።

"ወድቃ ታውቃለች?"

"ኧረ ምን ወድቃ! ከደጅ መች ትወጣና።"

ሠርክአዲስ መሬት መሬት ታያለች። ሞቷን አውቃ ነው፣ አሉ ቄሱ በሆዳቸው። ደጉ ባሏን ባዩ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። አኩርፋ እሳቸው ቤት በመጣች ጊዜ ሁሉ መክረው፣ በሚካኤል ስም ገዝተው የመለሷት እሳቸው ናቸው። እንኳንም መለሷት! ይኼኔ ማን ያስታምማት ነበር?

የጎኗ ራጅ ተነሥቶ ንጹሕ ሆነ። ቄሱ ለሚካኤል ስለት ሊያስገቡ ተነሡ።

"አባ፣ አይቸኩሉ" አለቻቸው ሐኪሟ። "ራጅ አጥንቱ በጣም ካልተጎዳ ላያሳይ ይችላል። አዲስ አበባ በመርፌ መድኃኒት ሰጥተው መላ አጥንቷን ፎቶ ያንሧት።"

ሄዱ። በዚያኛው ፎቶ ጎድኖቿ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተደርድሮ ታየ።

"ካንሰሩ ተዛመተ በይኛ" አሉ ቄሱ ፎቶውን ይዘው ወደ ሐኪሟ ሲመለሱ።

"ይኼ መሣሪያ የተነካውን አጥንት ሁሉ ያሳያል። ምን እንደነካው ግን አይለይም። ሲቲ ስካን ይለይልናል።"

ሲቲ ስካኑን ባሕር ዳር ተነሣች። ከዚያ በኋላ ቄሱ ደነዘዙ። ምግቡ አፈር አፈር አላቸው፤ ቅዳሴ ገብተው የቱ ላይ እንደደረሱ ይጠፋቸዋል። ማልቀስም እምቢ አላቸው።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሟ ሠርክአዲስን ብቻዋን አስገብታ ብዙ አቆየቻት። ኋላ በሩን ከፈተች። እጅጉም አብሮ ተነሣ።

"አንተ ቆይ። አባ ብቻ ይግቡ።"

ቄሱ አማተቡ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ መርዶ ቀድሞ የሚነገረው ለሽማግሌ ነው። ገብተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። እጇን ያዙ።

"ንገሪኝ ልጄ፣ አትደብቂኝ" አሉ። "ምን ያህል ዕድሜ ቀራት?"

"ካንሰሩ አልተዛመተም፣ አባ፤ ጎድኖቿ በየጊዜው በዱላ የተሰበሩ ናቸውና፣ እባክዎ ዳግመኛ አይመልሷት።"