የተቀበረው ባቄላ

አዋጁ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። አሥር ዓመት ሳያቋርጥ ያረሰ አራሽ መሬቱን በስሙ ያስመዘግባል፤ ከአሥሩ አንዱን እንኳ ጦም ያሳደረ ግን ለባለርስቱ ይመልሳል። በምርት መዝገቡ ውስጥ፣ በአንዲት አራሽ ማሳ በስድስተኛው ዓመት ረድፍ ላይ፣ መዝጋቢው «ምርት የለም» ብሎ ጽፏል። በዚህ ሳቢያ መሬቱ ከእጇ እንዲወጣ ተወስኗል።

ዛሬ ይግባኟ ይሰማል። ሦስቱ የመሬት ኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛው ኋላ ተደርድረዋል። ባለርስቱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አግዳሚ ወንበሩን ሞልተውታል። አራሿ ቆማለች።

«ይቀመጡ እንጂ፣ እናቴ» ትላለች ሰብሳቢዋ።

«ይቅርብኝ፣ ልጄ። ቆሜ ላረስኩት መሬት ቁጭ ብዬ አልከራከርም።»

ባለርስቱን ሳቅ ይቀድማቸዋል። «ማረሻሽ እንደ ምላስሽ ቢሠራ ኖሮ እዚህ ባልደረስን! መሬቴን ጦም አሳደርሽው፤ አለቀ።»

«ባቄላ ዘርቼበታለሁ፣ ጋሼ።»

«ፍሬውስ የታል?»

«ፍሬ ሳይዝ፣ በለምለሙ ገልብጬ አረስኩት። መሬቱ ደክሞ ነበር፤ በውስጡ በስብሶ እንዲያለማው ብዬ ነው።»

ባለርስቱ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። «ሰማሽ? እብድ እንኳ የዘራውን አይቀብርም።»

ሰብሳቢዋ ብዕሯን ታነሳለች። አራሿ ዓይኗን ከብዕሩ አትነቅልም፤ አንዴ ወረቀቱን ከነካ የሃያ ስድስት ዓመት ላቧ የሌላ ሰው እንደሚሆን ታውቃለች። ድምፅዋን ግን አታለዝብም።

«ጋሼ ርስቱ የእኔ ነው ብለው ያቀረቡት የእርሻ ውል እፊትሽ አለ። ጀርባው ይነበብልኝ።»

«ጀርባው ምን አለው?» ይላሉ ባለርስቱ። «የአባቴ ፊርማ ነው።»

«ከፊርማው በላይ ያለውን ነው የምለው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሱን ግን በቃሌ ነው የማውቀው።»

ሙሽራ ሆና በገባችበት ዓመት፣ የባለርስቱ አባት ማሳው ዳር ቆመው ለአማቷ ሲያነቡላቸው ሰምታለች። አማቷ፣ ከእሳቸው በኋላም ባለቤቷ፣ በየእርሻው መግቢያ እንደ ጸሎት ይደግሙት ነበር።

ሰብሳቢዋ ቢጫ የሆነውን ወረቀት ትገለብጣለች። ቀለሙ ስለደበዘዘ ወደ መስኮቱ ታስጠጋዋለች።

«አራሹም ሆነ ወራሹ በየሰባት ዓመቱ አንዴ ባቄላ ዘርቶ፣ ፍሬ ሳይዝ ገልብጦ ይረስ። ይህን ያላደረገ መሬቴን ይልቀቅ።»

ከዘራው ከባለርስቱ ጉልበት ተንሸራቶ ወለሉን ይመታል። የሚያነሳው የለም።

«የሞተ ሰው ወረቀት አዋጅ አይሽርም!»

«መሬቱን የእርስዎ ያደረገውም ይኸው የሞተ ሰው ወረቀት ነው» ትላለች አራሿ። ጎንበስ ብላ ከዘራውን ታነሳና በእጃቸው ታስይዛቸዋለች። «አባትዎ እብድ አልነበሩም፣ ጋሼ።»

ሰብሳቢዋ በግራና በቀኝ ካሉት አባላት ጋር ጥቂት ታንሾካሹካለች። ከዚያ ብድግ ትላለች።

«‹ምርት የለም› የሚለው ተሰርዟል፤ መሬቱ እንደ ውሉ ታርሷል እንጂ ጦም አላደረም። መሬቱ በአራሿ ስም ይመዘገባል።»