የፊት ወንበር ለአርባ አምስት ደቂቃ

«እግሯን አየኸው ልጄ? ነጠላ ጫማ ነው እኮ ያደረገችው...»

ይህን ለአውሮፕላን መግቢያው ሠራተኛ በሹክሹክታ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያሳበቅኩባት ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ናት።

ቀጭንና ፈጣን ስለሆነች መርፌ እንላታለን። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ሁለታችንም በአንድ ወርክሾፕ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ ስንሰፋ ኖረናል።

ለጡረተኛ ነፃ ትኬት አለ... ግን ተጠባባቂ ነሽ። ከፋዩ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ትሳፈሪያለሽ። ካልተረፈ ወደ ቤትሽ።

የዚያን ቀን ሁለት ወንበር ተረፈ።

አንዱ ከመጋረጃው ፊት፣ ቢዝነስ ክላስ። ሌላው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን።

መርፌ በአገልግሎት አንድ ዓመት ትቀድመኛለች። ስለዚህ የፊቱ ለእሷ ደረሰ።

«ውይ! ለእኔ ነው?» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

የሽንት ቤቱ ጎን ለእኔ።

ሁልጊዜ እሷ! አለቃችን የሚያመሰግነው የእሷን ስፌት። ባል ያልሞተባት እሷ። የገዛ ልጄ እንኳ ምሥጢሯን የምታወራው ለእሷ...

የምንሄደውም ወደዚችው ልጄ ነበር።

በሰርጓ ማግስት አማቷን ሰድቤ ካዋረድኳት ወዲህ ስድስት ዓመት ዘግታኛለች። ወልዳለች፤ የልጅ ልጄን ዓይን አላየሁም።

በመጨረሻ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ኑ» የሚል መልእክት በመርፌ በኩል ደረሰኝ። መርፌም «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

እኔ በሆዴ «ደስታዬን ልትሻማኝ ነው» አልኩ።

ታዲያ አሁን ደግሞ ከፊቴ ልትቀመጥ?

በነፃ ትኬት ከፊት የሚቀመጥ ሰው ክፍት ጫማ አይፈቀድለትም። ደንቡን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ግን እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏት ነበር... ሠራተኛውም ልብ አላለም።

ልብ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ሠራተኛው አፈረ። «ይቅርታ እናቴ... እርስዎ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ እሳቸው ከፊት ይቀመጡ።»

መርፌ ዞራ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«እሺ ልጄ፣ ከኋላም ያው ነው። ጅራቱ ተለይቶ አይቀር!» አለችው።

ሠራተኛው ስማችንን እየሰረዘ ሲያቀያይር... አንድ ሰው ሻንጣ እየጎተተ፣ እያለከለከ ደረሰ። ከፍሎ ያረፈደ ተሳፋሪ።

የኋላው ወንበር ለእሱ ሆነ።

መርፌ በሩ ላይ ቀረች። ዝም ብል ኖሮ ሁለታችንም ገብተን ነበር።

«ሂጂ እንጂ! ምን ይገትርሻል? ሰዓት አይለፍሽ!» ብላ ገፋችኝ።

ሄድኩ። ዞሬም አላየኋት።

ከፊት ስቀመጥ ትኩስ ፎጣ አመጡልኝ። ጭማቂ በብርጭቆ። «እማማ፣ ልጨምርልዎ?»

ልንገራችሁ? ወንበሩ ያው ነው። ስሰፋው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። በአጭር በረራ ልዩነቱ የመሃሉ ወንበር ባዶ መሆኑና አንድ ሜትር ተኩል መጋረጃ ነው።

ለዚያ ቁራጭ ጨርቅ ነው ጓደኛዬን የሸጥኳት።

ደግሞ አልዋሽም... አርባ አምስቱንም ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ከኋላ ያሉት በመጋረጃው ክፍተት ሲያዩኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

አረፍን። ልክ በዘጠኝ ሰዓት የልጄን በር አንኳኳሁ።

ሕፃኗን እንደታቀፈች በሩን ገርበብ አደረገችው። ዓይኗ ግን እኔን አልፎ ከኋላዬ ሰው ይፈልግ ጀመር።

«እትዬ መርፌስ?»

«አ... አልመጣችም።»

«ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

«እናትሽ አይደለሁም እንዴ?»

«እማዬ... እኔ እሺ ያልኩት ለእሷ ነው።» ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አራት ወር ሙሉ ለመነችኝ። ‹መሃላችሁ እቀመጣለሁ፣ ክፉ ከተናገረች እጇን ይዤ አስወጣታለሁ› አለችኝ። ከአንቺ ጋር ብቻዬን... አልችልም።»

ልትሻማኝ ነው ያልኳት ሴት!

ልጄ ስልኳን አወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው?»

መርፌ አንዲት ቃል ብትተነፍስ የልጅ ልጄን ሳልነካ እመለሳለሁ።

«የኔ ጥፋት ነው ልጄ! ዝርክርክ አይደለሁ? አርፍጄ በሩ ተዘጋብኝ። እናትሽማ ‹መርፌ፣ ያለ አንቺ አልሄድም› ብላ ስታለቅስ ገፍቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በይ በር ላይ አታቁሚያት! ነገ በመጀመሪያው በረራ እመጣለሁ።»

አውሮፕላን ማረፊያው ከእኔ በፊት ነበር እኮ የደረሰችው!

እኔስ... የት የፈሰሰ እንባ?

ልጄ ትክ ብላ አየችኝ። «ለእትዬ ብለሽ አለቀስሽ? አንቺ?»

ያን ጊዜ እውነትም እንባዬ መጣ።

በሩ ተከፈተ። ሕፃኗን እጄ ላይ አኖረችልኝ።

ታምኑኛላችሁ? የልጅ ልጄን አቅፌ ቆሜ እንኳ በመርፌ ቀናሁ። እንዲህ ያለ ልብ ለእሷ ተሰጥቶ እኔ ለምን ተነፈግሁ ብዬ...

ትምህርቱ ይህ ነው... የምንቀናበት ሰው አንዳንዴ ለእኛው ጉዳይ ወረፋ ይዞልን የቆመ ሰው ነው። ገፍተን ስናስወጣው የምናጣው የራሳችንን ተራ ነው።

ልጄ እውነቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። መርፌም አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለልጃችሁ ትነግሯት ነበር... ወይስ ጓደኛችሁ በዋሸችላችሁ ውሸት እንደተከበራችሁ ትኖሩ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እንዳትምሩኝ።