መርፌው የዞረበት

ከባሕሩ በኩል መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ቦምብ ጣዩ አውሮፕላን የታየው ኋላ ነው። መንደሩን ደብድቦ ሲመለስ ተመትቶ ዳርቻው ላይ ወደቀ።

በማግስቱ መንደሩ ውስጥ የሰፈረው ጦር አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ አንዱን ዓሣ አጥማጅ የፊጥኝ አሳሰረ። “አውሮፕላኑን በጭስ የመራኸው አንተ ነህ! ትረሸናለህ!”

“ጀልባዬን የምቀባውን የሻርክ ዘይት ሳፈላ ነው የጨሰው! ልጄን ቀብሬ መምጣቴ ነው፤ እኔ ነኝ የሚገድላትን የጠራሁባት?”

የጦሩ ቴክኒሺያን ከአውሮፕላኑ ስብርባሪ ያወጣውን ሣጥን በባትሪ አስነሳ። “ጌታዬ፣ በዚህ ተመርተው ነው የመጡት። መርፌው የሬዲዮ ሞገድ ወደሚነሳበት ይዞራል።”

መርፌው ተንቀጥቅጦ፣ መንደርተኛው እንቢ እያለ መቶ አለቃው ራሱ ቤቶቹ መሀል ወዳስተከለው የሬዲዮ አንቴና ዞረ። መቶ አለቃው ሣጥኑን ነጥቆ አዟዟረው፤ መርፌው ተመልሶ እዚያው ቆመ።

“በል ፍታኝ እንግዲህ!” ብሎ ጮኸ ዓሣ አጥማጁ።

መቶ አለቃው እንደታሰረ ትቶት ሣጥኑን ታቅፎ ወደ መኪናው ሄደ።