ግብር የማይከፈልበት ዘመድ

አቶ አለባቸው ቸሬ ሕግ አክባሪ ሰው ነበሩ። የንፋስ መውጫ ማዘጋጃ ቤት፣ ክፍል የሚያከራይ ሁሉ ከእያንዳንዱ አዳሪ የማደሪያ ግብር እየተቀበለ ገቢ ያድርግ ባለ በማግስቱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድም እንግዳ አላመለጣቸውም። ‹‹የኪራዩ ይኼ ነው፤ የመንግሥት ደግሞ ሠላሳ ብር›› ይሉና እጃቸውን ይዘረጋሉ። የቀራቸው የሰበሰቡትን ማስረከብ ብቻ ነበር።

ለዚህም ቢሆን በደንቡ ነው የሄዱት። ደንቡ፣ የሥጋ ዘመድ በነጻ ካደረ ግብር የለበትም ይላል። ስለዚህ ግብር ሰብሳቢዋ ወይዘሪት ገነት በመጣች ቁጥር አዳሪው ሁሉ ዘመድ ይሆናል። ከእስቴ እህል ይዞ የመጣው ነጋዴ የአክስት ልጅ ነው። ለቀጠሮ ከስማዳ የመጡት ባልና ሚስት ሁለቱም በእናት በኩል ይገናኛሉ፤ እንዴት ተጋቡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለመንገድ ሥራ የመጣ ቻይናዊ አድሮ ነበር፤ ለእሱ እንኳ በክርስትና በኩል መግቢያ አላጡለትም።

ባለፈው ወር ግን ወይዘሪት ገነት ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

‹‹ጋሼ አለባቸው፣ አንድ ቀን ብቻ ውሸት ሆኖ ባገኘው ቤቱን አሽጋለሁ።››

ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ አላቸው። ከአባታቸው የወረሱት ግቢና በላዩ የሠሯቸው ክፍሎች ከታሸጉ እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች የሚበሉት የላቸውም። የቆርቆሮው ብድር እንኳ ገና አላለቀም።

ክንዱ የሚባል ወጣት ከጎንደር መጥቶ ክፍል የያዘው በዚህ ጭንቅ መሀል ነበር። ቦርሳውን አስቀምጦ አረፍ እንኳ አላለም፤ ግቢውን ይዞር ጀመር። አጥሩ የት ድረስ እንደሆነ ጠየቀ። ክፍሎቹ መቼ እንደተሠሩ ጠየቀ። በስልኩ ፎቶ አነሳ። ወደ ጓሮ ዞሮ አሮጌውን የወይራ ዛፍ ሲያይ ቆየ። ሠላሳውን ብር ሲሰጥ ደግሞ፣

‹‹ደረሰኝ አለው?›› አለ።

እስከ ዛሬ ደረሰኝ የጠየቀ ሰው የለም።

‹‹መርማሪ ነው›› አሉ አቶ አለባቸው ጓዳ ገብተው። ‹‹እሷ ናት የላከችው።››

‹‹እንግዲያስ አስወጣዋ›› አለች ወይዘሮ ተዋበች።

‹‹ካስወጣሁት ሄዶ ይናገራል። ዘመድ ካደረግሁት ግን በምን አፉ?››

‹‹እሺ ቢልህ ነው።››

‹‹እሺ ካለማ እሱም ዋሸ። አብሮኝ ይታሸጋል።››

በማለዳው ፍርፍር ይዘው እንግዳው ዘንድ ገቡ።

‹‹ልጄ፣ ግብር ሰብሳቢዋ ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም። ከጠየቀችህ የወንድሜ የደሴ ልጅ ነኝ በል። ነውር የለውም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።››

ክንዱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

‹‹ደሴ የሚባል ወንድም አለዎት?››

‹‹ነበረኝ። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። መጥቶ ያጋልጠኛል ብለህ አትፍራ።››

‹‹ፈልገውት ያውቃሉ?››

‹‹ሁመራ ሩቅ ነው›› አሉ አቶ አለባቸው። ‹‹ስሙን ብቻ እንዳትረሳው።››

‹‹አልረሳውም።››

እሺ በማለቱ ልባቸው መለስ አለ። እስከ ሰባት ቤት ትጠይቅ ይሆናል ብለውም ዘር አስቆጠሩት፤ ደሴ፣ ቸሬ፣ ይመር፣ ተሰማ እያሉ። ክንዱ አንዴ ሰምቶ መልሶ ቆጠረላቸው። ሲቆጥር ግን ከይመር ቀጥሎ ገላው አለ። አቶ አለባቸው ገላውን ዘልለውት ነበር። መንግሥት ቅድመ አያታቸውን ሳይቀር መዝግቦ ይዟል ማለት ነው።

ወይዘሪት ገነት ረፋድ ላይ መጣች፤ ብቻዋን ግን አልነበረችም። መምሬ ፍሬው መስቀላቸውን ይዘው፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ደግሞ ዘንጋቸውን ተደግፈው ከኋላዋ ነበሩ።

‹‹ጋሼ፣ የእርስዎ ዘመድ ከጋይንት ሕዝብ በለጠብኝ። ከእንግዲህ በቃል አላምንም። ይኼ ልጅ ምንዎ ነው?››

‹‹የወንድሜ ልጅ።››

‹‹እንግዲያው መስቀል ይዘው ይማሉ። አለዚያ እሽጉ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።››

አቶ አለባቸው ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰው ናቸውና በሐሰት አይምሉም። ስለዚህ ነገሩን በልባቸው መረመሩት። ደሴ የአዳም ልጅ ነው። ይኼም መርማሪ፣ የቱንም ያህል ክፉ ቢሆን፣ የአዳም ልጅ ነው። ውሸቱ የርቀት እንጂ የዘር አይደለም። ይህን ካረጋገጡ በኋላ መስቀሉን ጨበጡ።

‹‹ይህ ልጅ የወንድሜ የደሴ ቸሬ ልጅ ነው። በሐሰት ብናገር ይፍረድብኝ።››

መሐላው ሲያልቅ ደግሞ እንባ ቢጨመርበት አይከፋም ብለው የክንዱን አንገት አቅፈው ሳሙት። ልጁም አለቀሰ። ‹‹አቤት የመንግሥት ሰው፣ እንባውን እንኳ አሠልጥነውታል›› አሉ በሆዳቸው።

‹‹አፍንጫው ቁርጥ ደሴን›› አለ አንደኛው ሽማግሌ።

‹‹ግንባሩስ ብትል›› አለ ሌላው።

አቶ አለባቸው ሽማግሌ ይህን ያህል ሲዋሽ አይተው አያውቁም፤ ውለታቸውን በምን እንደሚመልሱ አሰቡ። ወይዘሪት ገነት ግን መሐላውን ጽፋ ሁሉንም አስፈርማ፣ እሽጉን እንደያዘች ወጣች።

ቤቱ ተረፈ። አቶ አለባቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ።

ክንዱ ፊቱን ጠርጎ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

‹‹እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ፤ ከዚህ ግቢ የአባቴን ግማሽ ለመረከብ ብጠይቅ፣ ‹የጎደለህ መስቀል ይዞ የሚምልልህ አንድ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው› ብሎ ነበር ፍርድ ቤቱ የመለሰኝ።››